መብራት ሲጠፋ የእሳት ማጥፊያው ውሃ
(በትምህርት ቤታችን በዓል የተደረገ ንግግር)



በደብረ ኤልያስ ቤት ሲቃጠል ኡኡታ ይሰማል፤ ጎረቤት ውሃ በእንስራ ይዞ ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ግን ቁመቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ውሃን ወደዚያ ከፍታ ለመግፋት 20 ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል፤ ያለ ብርቱ ፓምፕ አይሆንም።

ፓምፑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን እሳቱ ራሱ ሽቦውን አቃጥሎ ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ተጠባባቂ ጄኔሬተር ይቀመጣል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ማዛወሪያ የሚባለው መሣሪያ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ፓምፑን በሴኮንዶች ውስጥ ወደ እርሱ ያዛውራል።

ይህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ስለሆነ በየጊዜው መፈተን አለበት። ዛሬ ሩቅ ቢሮ ተቀምጦ ቁልፍ በመጫን ፈተናውን ማስጀመር ይቻላል። እኔ ግን ይህን ብቻውን አላምነውም። «ኃይሉ ተዛውሯል» የሚል ምልክት ቢደርስም ፓምፑ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሞተር ሲነሣ ከተለመደው አምስት ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ያለ ጭነት የተፈተነ ጄኔሬተር ጉልበቱ አይታወቅም፤ በላይኛው ፎቅ ያለው ሰው ሕይወት ግን የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው።

እንግዲህ ቁልፉ ከሩቅም ይጫን፤ ፓምፑ ግን በእውነት ይሽከርከር፤ አንድ ሰውም አጠገቡ ቆሞ ድምፁን ይስማ፣ የግፊቱን መለኪያ ይመልከት። ፈተናው ሲያልቅ ማዛወሪያው በራሱ ወደሚሠራበት ቦታ መመለሱን በዓይኑ ሳያይ ክፍሉን አይዝጋ።