ጨዋታ መቼ ይወለዳል?



በጫሞ ዳር ተቀምጠን ስለ ቤዝቦል መነጋገር ምን ይረባናል ትሉ ይሆናል። መልሴን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

በአሜሪካ ኮሌጆች ጸደይ የቤዝቦል ወቅት ነው። በኮሌጆች መካከል የመጀመሪያው ግጥሚያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1859 በማሳቹሴትስ፣ በፒትስፊልድ ከተማ ተካሄደ፤ አምኸርስት ዊልያምስን 73 ለ 32 ረታ። ጨዋታው ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1907 አንድ ኮሚሽን፣ አብነር ደብልዴይ የተባለ የጦር መኮንን በ1839 በኩፐርስታውን ፈጠረው ሲል ደመደመ። ሰውየው በዚያ ዓመት በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተማሪ ነበር፤ ፈጠርሁት ብሎም አያውቅም። የጨዋታው ስም አስቀድሞ በ1744 ለንደን ውስጥ በታተመ የልጆች መጽሐፍ ይገኛል። ያችው ፒትስፊልድም በ1791 የአዳራሽዋ መስኮቶች እንዳይሰበሩ በአቅራቢያው ቤዝቦል መጫወትን ከልክላለች። ልብ በሉ፤ ማስረጃውን ያቆየልን ተጫዋቹ ሳይሆን ለመስተዋቱ የሠጋው ሰው ነው።

የእኛም ገና የልደት ታሪክ አለው። የቤተልሔም እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል። ትውፊቱን አከብራለሁ፤ በዓሉን ከጨዋታው ጋር ያስተሳሰረ እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ቆልማማው በትርና ሩሩ በየመንደሩ በምን ሕግ ይገዙ እንደ ነበር አይነግረንም። ይህን የሚያውቁት የተጫወቱት ናቸው።

እኔም በልጅነቴ ሩር አሳድጃለሁ። በትሩን ቆርጦ፣ በእሳት ለብልቦ ያጎበጠልኝ አባቴ ነበር። እርሱ ከማን እንደ ተማረ፣ በእርሱ ዘመን የሜዳው ወሰን የት እንደ ነበር አልጠየቅሁትም። ዛሬ ጥያቄውን በሥርዓት ማቅረብ እችላለሁ፤ የምጠይቀው አባት ግን የለኝም።

እናንተ ግን አላችሁ። ለዕረፍት ወደ ጨንቻ፣ ወደ ቦንኬ፣ ወደየቀያችሁ ስትመለሱ ሽማግሌዎችን በልጅነታችሁ ምን ትጫወቱ ነበር በሏቸው። የጨዋታውን ስም፣ የመሣሪያውን እንጨት፣ ጠብ ሲነሣ ማን ይገላግል እንደ ነበር በጋሞኛ፣ በራሳቸው ቃል መዝግቡ። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር በኋላ እንደርስበታለን፤ ሽማግሌዎቹ ግን አይጠብቁንም።