የንግድ ስምና የሕዝብ ልሳን



የሰዋስው ሊቃውንት ስምን የተጸውዖና የወል ብለው ሲከፍሉ፣ የመጀመሪያው አንዱን ከመሰሎቹ ለይቶ እንዲጠራ፣ ሁለተኛው ወገኑን ሁሉ በአንድነት እንዲያቅፍ ወስነዋል፤ ዳሩ ግን በዘመናችን ይህ ወሰን እየፈረሰ፣ አንድ ኩባንያ ለሸቀጡ ያወጣው የተጸውዖ ስም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበያ የወል ስም ሆኖ ይነገራል። ባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ሁሉ ባጃጅ፣ የልብስ ማጠቢያው ዱቄት ሁሉ ኦሞ፣ የውሃው ፕላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ ነው።

በሃይላንድ ላይ ጥቂት ልቆይ። ነጋዴው በዚህ ስም የሸጠው ውሃን ነበር፤ በጉና ተራራ ግርጌ ለሚኖር ሰው ግን ውሃ ከምንጭ የሚቀዳ እንጂ የሚገዛ ስላልነበረ፣ አዲስ ሆኖ ያገኘው ቀላሉንና ቢወድቅ የማይሰበረውን ዕቃ በመሆኑ፣ ስሙን ከውሃው ወስዶ ለዕቃው ሰጠው፤ ስለዚህም በመንገድ ዳር የቆሙ ሕፃናት መኪና ሲያልፍ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚለምኑት ባዶውን ነው። ማዳበሪያም፣ የኩባንያ ምልክት ባይሆን እንኳ፣ በዚሁ ጎዳና ሄዷል፤ አፈሩን ሊያዳብር የመጣው ፍሬ እርሻ ላይ ተበትኖ ከረጢቱ እህል መያዣ ሆኖ ሲቀር፣ ስሙም ከከረጢቱ ጋር ቀረ፤ ገበሬው «ሁለት ማዳበሪያ ድንች» ሲል ግራ የሚጋባ የለም። ሕዝብ ስምን እንደ ተሰጠው አይቀበልም፤ ለኑሮው የጠቀመውን መርጦ ይሰይምበታል፤ በዚህም እኮራለሁ።

የኦሞ ነገር ግን ያሳዝነኛል። እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ማንም ሳያስተዋውቀው በግብሩ የታወቀ ነበር፤ እንዶድ ያለች ሴት ቁጥቋጦውን፣ ፍሬውንና አወቃቀጡን በአንድ ቃል ታነሣ ነበር። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ፍሬው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚያጠፋ ያስረዱት ከዚህ የእናቶች ዕውቀት ተነሥተው ነው። ኦሞ የሚል ሰው ግን በውስጡ ያለውን ሳያውቅ ስሙን ብቻ ያውቃል።

ስም ለሥራ ዋስ መሆኑ ለጋይንት እንግዳ አይደለም። አንድ የድጓ መምህር በዚያው ባለችው በቤተልሔም አስመስክሯል ሲባል፣ የቦታው ስም የሙያው ማረጋገጫ የሚሆነው ደቀ መዝሙሩ ዜማውን በምልክቱ መሠረት በመምህሩ ፊት እየታረመ ተፈትኖ ስለሚወጣ ነው። የንግድ ምልክትም ይህን የመሰለ እምነት ከሕዝብ ይሻል፤ ሆኖም ምልክቱ የወል ስም በሆነ ጊዜ ፈታኙም ተፈታኙም ይጠፋል። ለምሳሌ የመድኃኒት ኩባንያው ባየር እ.ኤ.አ. በ1899 ያስመዘገበው አስፒሪን እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሁሉ ስም ተብሏል። በአገራችንም የንግድ ምልክትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ፤ ነገር ግን በወገዳ ገበያ ኦሞ እንዲገዛ የተላከ ልጅ ሌላ እሽግ ይዞ ቢመለስ፣ ሻጩ ዋሽቷል ለማለት አይቻልም፤ ቃሉ ራሱ ፈቅዶለታልና።

ስለዚህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የምታስተምሩ መምህራን፣ ሕፃናቱ የእሽጉን ስም ብቻ ሳይሆን በጀርባው የተጻፈውን ይዘትና የሚያበቃበትን ቀን እንዲያነቡ፣ እንዶድንም ከነፍሬው አይተው እንዲያውቁት ታደርጉ ዘንድ በትሕትና እለምናችኋለሁ።