የማይደገም ቀን፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ ሠርግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ ለማንሣት ስለሚደረግ ዝግጅት



የዛሬው ጥያቄያችን ቀላል ይመስላል። ካሜራ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሠርግ ቤት የሚሄድ ሰው ምን ሊዘጋጅ ይገባዋል? ብዙውን ጊዜ መልሱ ከመሣሪያ ይጀምራል። በእኔ እምነት ግን ዝግጅቱ ከሰው መጀመር አለበት፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ፎቶግራፍ በአገራችን ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የከተማ ጥበብ ሆኖ ኖሯል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀውበታል። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ከመንዝ የሚመዘዝ ቢሆንም፣ የነገሥታቱ መልክ ተጠብቆ ሲቆይ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ገበሬ መልክ በአብዛኛው የተቀረጸው ለመታወቂያ ወረቀት ሲባል ከተማ በሄደበት ቀን ብቻ ነው።

የዚህ ውጤት የሚታየው በልቅሶ ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ ልጆቻቸው ፎቶግራፍ ይፈልጋሉ። የሚገኘው አውራ ጣት የምታህል የመታወቂያ ምስል ናት፤ እርሷው ተለጥጣ፣ ዓይንና አፍንጫው ደብዝዞ፣ በፍሬም ገብታ ትቀመጣለች። ሠርግ ግን አያቱም፣ አክስቱም፣ የክርስትና አባቱም፣ ጎረቤቱም የክት ልብሱን ለብሶ በአንድ ግቢ የሚገኝበት ቀን ነው። ዛሬ በእልልታ መካከል የተነሣው ምስል ከዓመታት በኋላ በሐዘን ቀን ይፈለጋል። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን አውቆ ከሄደ ሥራው ከሙሽሮቹ ምስል እንደሚያልፍ ይረዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት የስም ዝርዝር ነው። ከሠርጉ አስቀድሞ ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን ዘመዱን ሁሉ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ማለት ይገባል። በዕድሜ የገፋው ማን ነው? በሕመም ምክንያት ወደ ዳሱ መውጣት የማይችል አለን? ከሩቅ መጥቶ በጊዜ የሚመለሰው ማን ነው? አረጋውያኑን ማንሣት የሚሻለው ማለዳ፣ ግብዣው ሳይጀመርና ግቢው ሳይጨናነቅ ነው። ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ከልጅ ልጅዎ ጋር ላንሣዎት?» ብሎ መጠየቅ ፈቃድም አክብሮትም ነው።

ሁለተኛው ዝግጅት ሥርዐቱን ማወቅ ነው። በሰሜን ሸዋ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል የሠርግ ወቅት የሚጠነክረው ጥር 11 ቀን ከሚውለው ጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ጋብቻው በተክሊል ከሆነ ቀኑ የሚጀምረው በቤተ ክርስቲያን ነውና፣ የት መቆም እንደሚፈቀድና ፍላሽ መጠቀም ይቻል እንደሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። በሰማንያ ከሆነ የቀኑ እምብርት የሙሽሪት ቤት ነው። የሙሽሪት ወገኖች በር ይዘው በዘፈን ሲከለክሉ፣ ሚዜዎቹም በዘፈን ሲመልሱ፣ አንሺው ቀደም ብሎ ከበሩ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከሠርገኛው ኋላ የተሰለፈ ሰው የሚያነሣው ጀርባ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ስመው ምርቃት የሚቀበሉበት ቅጽበት ነው። አጭር ነው፤ «እባካችሁ ድገሙልኝ» የሚባልም አይደለም። የተቀመጡት ወላጆች ፊትና የጎነበሱት ልጆች መልክ በአንድነት የሚታዩት ከጎን፣ ዝቅ ብሎ ለተንበረከከ ሰው ነው። ቦታውን አስቀድሞ ያላየ አንሺ ከትከሻ በስተኋላ ይቀራል።

ሦስተኛው ዝግጅት የአገሩን አየርና ብርሃን ይመለከታል። የመንዝ ደጋ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ የሚጠጋ ሲሆን የጓሳ ሣር መሬት ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በውርጭ ማለዳ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን ባትሪ ከጋቢ ሥር፣ ከሰውነት አጠገብ መያዝ ይበጃል። መብራት በሌለበት ቀበሌ መሙያ ስለማይገኝ ሁሉም ከከተማ ተሞልቶ ይሂድ። ከብርድ ወደ ሞቀና ሰው ወደ ሞላበት ቤት ሲገባም ሌንሱ ጤዛ ይይዛልና፣ ካሜራውን ከነቦርሳው ጥቂት ማቆየት ያስፈልጋል።

በድንጋይ የተገነባው የደጋ ቤት ውስጡ ጨለማ ነው፤ ጭስ ካለ ደግሞ ፍላሽ ጭሱን እንደ ጉም ያበራዋል። አረጋውያኑን ከበሩ ብርሃን አጠገብ ማስቀመጥ የተሻለ ነው። የዳሱ ሸራ ሰማያዊ ከሆነ ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይመስላል፤ ወደ ዳሱ ጠርዝ መጠጋት ይረዳል። ወደ ጀማ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የመርሐቤቴ ምድር ደግሞ የቀትር ፀሐይ ከዓይን ሥር ጥላ ስለሚጥል የዛፍ ጥላ መፈለግ ይገባል።

የመንዝ ልብስ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከበግ ጠጉር የተሠራው ጥቁር በርኖስና ነጩ ነጠላ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያቀርብ ስለሚሞክር፣ ነጠላ የሞላበትን ምስል ያጨልመዋል፤ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። በርኖስ የሞላበትን ግን ከልክ በላይ ያነጣዋል። መፍትሔው ብርሃኑን ከሰው ፊት ላይ መለካት ነው። ይህን በሠርጉ ቀን ከመማር ይልቅ ከቀናት በፊት ነጠላና በርኖስ የለበሱ ሁለት ሰዎችን አቁሞ መለማመድ ይቻላል።

በመጨረሻ የሥራውን ፍጻሜ እናስብ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ቀጣዩ አንቀጽ በአደባባይ የተፈጸሙ ሥርዐቶችን የመሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ቢዘረዝርም፣ የቤተሰብ ሠርግ ሁሉ በእነዚህ ይሸፈናል ብሎ መደምደም አይገባም። በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ ከመለጠፍ በፊት ስምምነቱ በውል ይጻፍ። ምስሎቹ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሳይቀመጡ ከካርዱ አይጥፉ። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰበራል። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ከሙሽሮቹ አልበም ሌላ የአረጋውያኑ ምስል በወረቀት ታትሞ ለየቤታቸው እንዲደርስ ማካተት ይገባል።

እንግዲህ በመጪው ጥር ካሜራ አንግታችሁ የምትወጡ ወጣቶች፣ የስሙን ዝርዝር ከባትሪው እኩል በኪሳችሁ ያዙ። በዝርዝሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ስም በምስል መልስ ሳያገኝ ከግቢው አትውጡ።