የላላው ብሎን፦ ታድሶ በተሠራ ሞተር ላይ ስለደረሰ የክራንክ ፑሊ ብልሽት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዕቃዎች አሉ። አንደኛው ጥቁር ቀለም የተቀባ የብረት ፑሊ ነው። ሁለተኛው አንድ ብሎን ነው። ሦስተኛው ከኋላ ለተቀመጣችሁት የማይታይ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ አንድ ጎኑ የተበላ የብረት ቁራጭ ነው። ንግግሬ ሲያበቃ ቀርባችሁ ትመለከቷቸዋላችሁ። ሦስቱም ከራሴ መኪና የወጡ ናቸው፤ ለብልሽታቸውም ተጠያቂው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ትሕትና ለማሳየት አይደለም። በዚህ ብልሽት ምክንያት ሌላ ሰው ተጠያቂ ተደርጎ ስለነበረ ነው።

መኪናዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ የምታውቁት ፎር ኤ ኤፍ ኢ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 1,587 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 77 ሚሊሜትር። ዘይት እየበላች ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ መጎተት ስትጀምር፣ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ እንዲታደስ ወሰንሁ። ሲሊንደሮቹና ክራንክ ሻፍቱ ቶርኖ ቤት ሄደው ተስተካከሉ፤ ፒስተን፣ ፋሻና ብሮንዚና ተለወጡ፤ ቴስታታው ተላገ። በዚህ ሁሉ ላይ የምለው የለኝም፤ በሚገባ ተሠርቷል። በጋራዡ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ አንድ ወጣት ረዳት ነበር። ብሮንዚናዎቹን በአለቃው ክትትል የገጠማቸው እርሱ ነው። እኔ ደግሞ፣ ለሃያ ዓመታት ስለ ማሽን አካላት ያስተማርሁ ሰው ነኝና፣ የሞተሩን የፊት ክፍል በገዛ እጄ ልግጠም ብዬ ለመንሁ። የታይሚንግ ቀበቶው፣ ሽፋኑ፣ በመጨረሻም የክራንክ ፑሊው የእኔ ሥራ ሆኑ።

ወደ ታሪኩ ከመመለሴ በፊት ይህ ፑሊ በምን ተይዞ እንደሚዞር ላስረዳ። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «በኪው» የሚል ነውና። ኪ የምንለው በክራንክ ሻፍቱ አፍንጫና በፑሊው ውስጥ በተፈለፈለው ቦይ የሚቀመጠውን፣ አሁን ያሳየኋችሁን ትንሽ ብረት ነው። ኪው ፑሊው በየት በኩል መቀመጥ እንዳለበት ይጠቁማል። ጭነቱን ግን የሚሸከመው እርሱ አይደለም። ጭነቱን የሚሸከመው ሰበቃ ነው፤ ሰበቃውን የሚፈጥረው የብሎኑ ጭመቃ ነው፤ ጭመቃውን የሚፈጥረው ደግሞ የብሎኑ መለጠጥ ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። የዚህ ሞተር የክራንክ ፑሊ ብሎን የሚጠብቀው በ118 ኒውተን ሜትር ነው። ለስሌት እንዲመቸን የብሎኑን ውፍረት 12 ሚሊሜትር ብለን በተለመደው ቀመር ብናሰላ፣ ፑሊውን ከአፍንጫው ጋር የሚያጣብቀው ኃይል ወደ 49,000 ኒውተን ይደርሳል። ይህ የአምስት ቶን ክብደት ያህል ነው። በዚያ ኃይል የተጣበቁ ሁለት ደረቅ የብረት ገጾች ከመንሸራተታቸው በፊት ከ100 ኒውተን ሜትር በላይ የመጠምዘዝ ጉልበት ይቋቋማሉ። ዲናሞው አንድ ኪሎዋት ሲያመነጭ፣ ሞተሩም በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር፣ ከፑሊው የሚጠየቀው 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የሚባክነውን ብንጨምርበት እንኳ 10 አይሞላም። ስለዚህ በትክክል የጠበቀ ፑሊ ከሚፈለግበት አሥር እጥፍ የሚበልጥ አቅም አለው፤ ኪውም ሥራ ፈትቶ ይኖራል። እንዲያ ከሆነ ኪው ለምን ተበላ?

ክራንክ ሻፍት ስንመለከተው በአንድ ፍጥነት የሚዞር ይመስለናል፤ እርሱ ግን እየተገፋና እየተያዘ ነው የሚዞረው። በአራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ፍንዳታ አለ። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ በዝግታ ሲዞር፣ ዘንጉ በሴኮንድ ሃያ ሰባት ጊዜ ያህል ይፈጥናል፣ መልሶም ይዘገያል። ፑሊው የራሱ ክብደት አለው፤ ዘንጉ ሲፈጥን ወደ ኋላ መቅረት፣ ዘንጉ ሲዘገይ ወደ ፊት መሄድ ይፈልጋል። ብሎኑ ጠብቆ ከያዘው ይህ ፍላጎቱ ፍላጎት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከላላ ግን ኪውን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ መዶሻ ሆኖ ይመታዋል። በሰዓት ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚጠጋ ምት ነው። እንዲህ ያለውን ዱላ የሚችል ኪ የለም።

(የክራንክ ሻፍት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ትልቅ ርእስ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ከመቶ ዓመት በፊት ለዚሁ ችግር ማርገቢያ ሠርቷል፤ ዛሬ በብዙ ሞተሮች ላይ በውስጥና በውጭ ቀለበት መካከል ጎማ ያለበት ፑሊ የምናየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዚያ ዓይነቱ ፑሊ የራሱ ሕመም አለው። ጎማው ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተትና የታይሚንግ ምልክቱ ይዋሻል። የዛሬው ጉዳዬ ግን እርሱ አይደለም።)

መኪናዋ ከታደሰች በኋላ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ ቆማ ሞተሯ በዝግታ ሲዞር ከወደ ሞተሩ ፊት ለፊት የሚሰማ ማንኳኳት ጀመረች። ነዳጅ ሲሰጣት ድምፁ ይጠፋል። አለቃው ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ሰማና «ብሮንዚና ነው» አለ። እኔም «ብሮንዚናውን የገጠመው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ይህቺን ጥያቄ ስጠይቅ መልሱን አውቅ ነበር። ወጣቱ በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበተ። በማግስቱ የዘይቱ ገንዳ ወርዶ ብሮንዚናዎቹ ሲፈተሹ አንድም ጭረት አልነበረባቸውም። ብሮንዚናው ንጹሕ መሆኑን ካየን በኋላ እንኳ ልጁን «ተመለስ» ብሎ የጠራው የለም። እኔም አልጠራሁትም። ገንዳው ተመልሶ ታሰረ፤ ድምፁ እንደነበረ ቀረ፤ አለቃው «አዲስ ሥራ ነው፣ ይለምዳል» አለኝ፤ እኔም ማመን ስለፈለግሁ አመንሁት።

እዚህ ላይ ማድረግ የነበረብን ነገር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ቀበቶዎቹን አውልቆ ሞተሩን ለአንድ አፍታ ማስነሳት፤ ድምፁ ከተለወጠ ችግሩ ከዘይቱ ገንዳ ውስጥ ሳይሆን ከፊት ነው። ከጎን በባትሪ እያበሩ የፑሊውን ጠርዝ ማየት፤ የላላ ፑሊ ሲዞር ይዋልላል። ሞተሩን አጥፍቶ ፑሊውን በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ። ከሦስቱ አንዱን እንኳ አላደረግንም። ሁለታችንም ስለ ሞተር ስናስብ የምናስበው ስለ ውስጡ ነበር፤ ፑሊው ደግሞ ውጭ ነው።

ከዚህ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ደብረ ብርሃን ለለቅሶ ስሄድ፣ ሸኖ ሳልደርስ የባትሪው መብራት በራ። ወዲያው የሲቃ ድምፅ ተከተለ፣ የሙቀት መለኪያውም መርፌ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። በዚህ ሞተር የውኃ ፓምፑን የሚያዞረው የዲናሞው ቀበቶ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይሞታሉ። አቆምሁና ከፈትሁት። ቀበቶዎቹ ወርደዋል፤ ፑሊው በብሎኑ ላይ ጋደል ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ብሎኑን በጣቶቼ አዞርሁት። ይህ ሞተር ታይሚንጉ ቢዛነፍ እንኳ ቫልቭና ፒስተን የማይጋጩበት በመሆኑ ከዚህ የባሰ አልደረሰም። መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ተመለሰች። ለቅሶውን አልደረስሁም።

ልጁን ፈልጌ ያገኘሁት ቃሊቲ አካባቢ በሌላ ጋራዥ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። ብዙ አልተናገረም፤ ይዤው የሄድሁትን ፑሊ ተቀበለኝና ገለበጠው። ከአፍንጫው ጋር የሚገናኘውን ገጽ በጥፍሩ ፋቀና «መምህር፣ ይኼ ቀለም እኮ ነው» አለኝ።

ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነበርሁ። ሞተሩ ሲታደስ ሁሉም ነገር አዲስ መስሎ እንዲታይ ፈልጌ ፑሊውን በመርጫ ቀለም ከፊትም ከኋላም አጥቁሬዋለሁ። ቤቴ ገብቼ ስሌቱን ሠራሁ። በ118 ኒውተን ሜትር የጠበቀ፣ 40 ሚሊሜትር ያህል ርዝመቱ የሚለጠጥ ብሎን፣ መለጠጡ በጠቅላላው 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፑሊውን የሚይዘው ያ አምስት ቶን በሙሉ የተከማቸው በዚህች አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ውስጥ ነው። የመርጫ ቀለም ውፍረት በአንድ ገጽ 0.03 ሚሊሜትር ብንል፣ በብሎኑ ራስ ሥርና በኋላው ገጽ ሁለት ንብርብር 0.06 ይሆናል። ቀለም በሙቀትና በጫና ሥር ይሳሳል፣ ይሸሻል። ቀለሙ ሲሸሽ ብሎኑ በዚያው ልክ ይኮማተራል፤ ማለትም ማንም ሳይነካው ከጭመቃው ከግማሽ በላይ ይጠፋል። ይህን ስሌት ተማሪዎቼን በየዓመቱ በፈተና እጠይቃቸዋለሁ።

ነገሩ በቀለሙ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይዞ ይቆይ ነበር። ልጁ ሌላም ነገር አስታወሰኝ። ብሎኑን ባጠበቅሁበት ቅዳሜ፣ ሞተሩ እንዳይዞር እርሱ የቮላኖውን ጥርስ በትልቅ ካቻቢቴ ይዞ ነበር። «ቮላኖው እያመለጠኝ ነው፣ መምህር፣ ብዬዎት ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብሎኛል። እኔ ደግሞ «በቃ፣ ጠብቋል» ብዬ መፍቻውን አስቀመጥሁ። አዲስ የታደሰ ሞተር ፋሻውና ብሮንዚናው ገና ስላልተላመዱ ለመዞር ይከብዳል። በመፍቻው ክንድ ላይ የተሰማኝ ክብደት የሞተሩ እንጂ የብሎኑ አልነበረም፤ እጄ ግን ይህን ለይቶ አያውቅም። የቶርክ መለኪያው መፍቻ በሳጥኑ ውስጥ፣ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ነበር።

ጥገናውን አብረን ሠራነው። ምርጫዎቹ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ሞተሩን እንደገና አውርዶ ክራንክ ሻፍቱን መለወጥ ነው፤ አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን የታደሰውን ሁሉ መልሶ መበተን ነው። ሁለተኛው የተበላውን ቦይ በብየዳ ሞልቶ እንደገና መፈልፈል ነው፤ ይህን ሁለታችንም ወዲያው ጣልነው፤ የብየዳ ሙቀት ቀጭኑን አፍንጫ ሊያጣምመው ይችላልና። ሦስተኛው በአዲስ ኪ ዙሪያ የቀረውን ክፍተት ሎክታይት 660 በሚባለው የብረት ማጣበቂያ መሙላት ነው። ይህ መላ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የማዝዳ ኤምኤክስ ፋይቭ መኪኖች ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ አጭር አፍንጫ ያለው ክራንክ ሻፍት ይዞ የወጣ በመሆኑ በዚህ ብልሽት የታወቀ ነው፤ ባለቤቶቻቸው ሞተሩን ሳያወርዱ ሲጠግኑ የኖሩት በዚሁ ማጣበቂያ ነው።

እኔ ሦስተኛውን ልመርጥ ቸኮልሁ። ልጁ «አፍንጫው ራሱ ካልተለካ አልሠራም» አለ። ልክ ነበረ። ማጣበቂያ ክፍተት ይሞላል፤ የተበላ ዘንግ ግን አያቃናም። በመለኪያ ሰዓት ስናየው የአፍንጫው መዋለል ከ0.02 ሚሊሜትር አላለፈም፤ የቦዩም ግድግዳ የተበላው ከውጭ በኩል ባለው ስምንት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ካየን በኋላ አዲስ ኪ፣ አዲስ ብሎንና ቀለም ያልነካው ፑሊ አመጣን። ገጾቹን ዘይትና አቧራ እስከማይገኝባቸው ድረስ አጸዳን። ቮላኖውን በካቻቢቴ ሳይሆን ሞተሩ ላይ በሁለት ብሎን በታሰረ ብረት ቆለፍነው። በ118 ኒውተን ሜትር አጠበቅን፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ አንድ ሙሉ ቀን ጠበቅን፤ ከብሎኑ ራስ እስከ ፑሊው ድረስ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር አሰመርን። ይህኛው ቀለም ውጭ ነው፤ ሥራውም መታየት ብቻ ነው። ብሎኑ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ አየነው፤ አልተሰበረም። እስከ ዛሬ 14,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ በየዘይት ቅያሬው እንመለከተዋለን። የዕድሜ ልክ ጥገና ነው አልልም፤ አንድ ቀን ያ ክራንክ ሻፍት መለወጡ አይቀርም።

ወጣቱ ዛሬ ማታ ከመካከላችን ተቀምጧል። ስሙን እንዳልጠራ ጠይቆኛል፤ ይህን ታሪክ እንድናገር ግን ፈቅዶልኛል፤ ከዚህ በፊትም ጽሑፉን አንብቦ ሁለት ቦታ ላይ አርሞኛል። ከአዳራሹ በስተግራ ባለው የሠርቶ ማሳያ ክፍል አንድ ሞተር በማቆሚያ ላይ ታስሯል፤ ፑሊው አልጠበቀም። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ፤ ከዚያ በኋላ ቮላኖ እንዴት እንደሚቆለፍ እርሱ ያሳያችኋል፤ መፍቻውን የምይዘው እኔ ነኝ።