ብቸኛው ልጅና የታናናሾቹ ታላቅ፤ የጉርምስና ዘመን ሰብእና በጅማና በዙሪያዋ



ወንድምና እኅት የሌለው ልጅ ሞልቃቃ፣ ራሱን ወዳድና ከሰው ጋር የማይገጥም ይሆናል የሚለው አስተያየት በየመንደሩም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር የኖረ ነው። በአንጻሩም በብዙ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ያደገ ልጅ ታጋሽና ለሰው አሳቢ እንደሚሆን ይታመናል። የዚህ ንግግር ዓላማም ይኸው እምነት በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ለሚያድጉ ወጣቶች ምን ያህል እንደሚሠራ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ በሌላው ዓለም የተገኘውን ዕውቀት መመልከት ይጠቅማል። ቶኒ ፋልቦና ዴኒስ ፖሊት የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ብቸኛ ልጆች የተደረጉ 115 ጥናቶችን አገናዝበው ሲመረምሩ፣ እነዚህ ልጆች በማኅበራዊ ግንኙነት ከሌሎች እንደማያንሱ፣ ለውጤት ባላቸው ትጋትና ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ቅርበት ግን በመጠኑ እንደሚበልጡ አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው፣ ከ20,000 በላይ የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የጀርመን ሰዎችን የመረመረው ጥናትም፣ በኵር ወይም ታናሽ ሆኖ መወለድ በተግባቢነት፣ በጠንቃቃነትና በመሳሰሉት የጠባይ መለኪያዎች ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንደማያመጣ አስረድቷል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የተደረጉት፣ ቤት ማለት ወላጆችና የወለዷቸው ልጆች ብቻ በሆኑበት አገር ነው። ስለዚህ በጅማ ብቸኛ ልጅ የሚባለው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያመለክተው፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች በአማካይ በገጠር 5.2፣ በከተማ ደግሞ 2.3 ናቸው። እንግዲህ ብቸኛው ልጅ ይበልጡን የሚገኘው በከተማ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት አካባቢ ለትምህርት የመጣ የአጎት ልጅ በዚያው ቤት ያድራል፤ ከአንድ ትሪም ይበላል። በኦሮሞ ባህል ሥር የሰደደው ጉዲፈቻም የሌላውን ልጅ ወንድም ያደርገዋል። በተቃራኒው አምስት ታናናሾችን በገጠር ትታ በአክስቷ ቤት የምትኖረው ኮረዳ፣ በመዝገብ ላይ የብዙዎች እኅት ብትሆንም በየቀኑ ኑሮዋ ብቸኛ ናት። ስለዚህ በመዝገብ የተቈጠረው ወንድምና እኅት አብሮ ከሚኖረው የተለየ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ከቁጥሩ የበለጠ ክብደት ያለው ጉዳይ አለ። ይኸውም በቤት ውስጥ ያለው ሥራና ምግብ ለማን እንዴት ይከፋፈላል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጅማ ከተማ፣ በየቡ፣ በሰርቦና በሸኪ እንዲሁም በአቅራቢያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ተጠንተዋል። ከዚህ መረጃ ክሬግ ሀድሊ፣ ዴቪድ ሊንድስትሮምና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ2,000 በላይ ወጣቶችን መርምረው፣ የምግብ እጦት እጅግ በበረታባቸው ቤቶች 40 ከመቶ የሚሆኑት ሴቶች ልጆች ራሳቸው ምግብ እንደሚያጥራቸው ሲናገሩ፣ ከወንዶቹ ግን እንዲህ ያሉት 20 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጸዋል። ጥናቱ የወንድምና የእኅት ቁጥር ጥናት አልነበረም። ሆኖም ችግር እኩል በጠናባቸው ቤቶች የሚያድጉ ወንድና ሴት ልጆች እኩል እንደማይቸገሩ በግልጽ ያሳያል።

ይህ በሰብእና ላይ የሚተወው ምልክት በመምህራን ዘንድ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። ታናሿን አዝላ ያሳደገች፣ እናቷ ወደ ቡና ለቀማ ስትወጣ ምጣዱን የተረከበች ልጅ በክፍል ውስጥ ጭምትና አስተዋይ ተብላ ትመሰገናለች። ምስጋናው እውነት አለው፤ ኃላፊነት መሸከም ሰውን ያበስላልና። ነገር ግን ጭምትነቷ አንዳንዴ ድካም ነው፤ ዝምታዋም ሐሳቧን የሚጠይቃት ሰው ከማጣት የመጣ ሊሆን ይችላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የመልቀሚያ ወራት ከትምህርት ገበታዋ ስትጐድል፣ ጉድለቱ የስንፍና ተደርጎ ይመዘገብባታል። ብቸኛው ልጅ ደግሞ ጥያቄ ሲያበዛ ወይም በጓደኛው ሐሳብ አልስማማም ሲል፣ ወንድም ስለሌለው ነው ተብሎ ይታለፋል። ለአንዷ የተሰጣት ምስጋና ለሌላውም የተሰጠው ነቀፌታ ሁለቱንም ከመረዳት ያግዳል።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች የተማሪውን መዝገብ ሲከፍቱ፣ ስንት ወንድምና እኅት አለህ? ከሚለው ጥያቄ ጋር ሌሎች አራት ጥያቄዎችን ቢያክሉ ይጠቅማል፤ ከማን ጋር ትኖራለህ? ከማን ጋር ትበላለህ? በቤት ውስጥ የአንተ ድርሻ የሆነው ሥራ ምንድን ነው? ሐሳብህን የሚሰማህስ ማን ነው? ለሴቶቹም ጥያቄው ይኸው ነው፤ መልሱ ግን በተለየ ጥንቃቄ ሊደመጥ ይገባል። የመልቀሚያው ወራት ሳይገባ ከወላጆች ጋር መነጋገር ቢቻል፣ ሥራው በወንዱም በሴቷም ልጅ ላይ እንዲደላደል ለማሳሰብ መልካም አጋጣሚ ይሆናል።

ወንድምና እኅት መኖራቸው በራሱ መልካም ጠባይን አይሰጥም፤ አለመኖራቸውም አይነሣም። ወጣቱን የሚያንጸው በቤቱ ውስጥ የተሰጠው ቦታ ነው፤ ይህም ቦታ ከወላጅ ጋር በሚደረግ ውይይት ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ፣ የባለሙያው ሥራ ከዚያ ይጀምራል።