ቀረጥና የድምፅ መሣሪያ ሠሪው አማተር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዛሬው ስብሰባ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲያዩት የሚያንስ፣ ሲነኩት ግን የሚሰፋ ነው። አምፕሊፋየሩን በእጁ የሚበይድ፣ የስፒከሩን ሣጥን ራሱ የሚገጣጥም፣ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ አድሶ የሚያናግር አማተር፣ ከውጭ ለሚያስመጣቸው ክፍሎች የሚከፍለው ቀረጥ በሥራው ላይ ምን ያህል ይከብዳል የሚል ነው።

ይህ የጥቂት ሰዎች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ከተሰበሰብነው መካከል ሙያውን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ስንት ሰው አለ? የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ያቃጠልንበትን ምሽት፣ የመጀመሪያው ጥሩ ድምፅ ከጉርምርምታው ተለይቶ የወጣበትን ሰዓት የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። አምፕሊፋየር የሠራ ወጣት የኃይል አቅርቦትን፣ ግብረ መልስን፣ የሙቀትን አወጋገድና የመሬት ሽቦን አዘረጋግ በአንድ ሥራ ይማራል። ይኸው ወጣት ነገ የሆስፒታል መሣሪያ ይጠግናል፣ የሬዲዮ ጣቢያ ይጠብቃል። ስለሆነም የክፍሎች ዋጋ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለሙያችን የትምህርት ቤት ክፍያ ማለት ነው።

በቅድሚያ ሒሳቡን እንመልከት። ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው መግዣ ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የኢንሹራንስና የማጓጓዣ ወጪ ተደምሮበት ነው። በዚህ ድምር ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይታሰባል። ቀረጡ ከታከለ በኋላ በጠቅላላው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ይህም ሁሉ ከተጠቃለለ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጨመርበታል። ኤክሳይዝ ታክስንና ሌሎችን ክፍያዎች ለጊዜው ወደ ጎን ትቼ፣ የጉምሩክ ቀረጡ 30 በመቶ የሆነ የ100 ዶላር ዕቃን ለምሳሌ ልውሰድ። ቀረጡ ሲጨመር 130፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲታከል 149.50፣ ሱር ታክሱ ሲደረብ 164.45 ዶላር ይሆናል። በታሪፍ መጽሐፉ ላይ 30 ተብሎ የተነበበው ቁጥር በመጋዘኑ በር ላይ 64.45 ሆኖ ይጠብቀናል። ቀረጡ ጭራሹን ዜሮ ቢሆን እንኳ ቀሪዎቹ ሁለቱ 26.50 ያስከፍላሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ አንዱ ታክስ የሌላው ታክስ መነሻ ይሆናል።

ይህ መቶኛ ለነጋዴውም ለአማተሩም አንድ ነው። ሆኖም ሕጉ እኩል ያደረጋቸውን ሁለት ሰዎች ማጓጓዣው ይለያያቸዋል። በ40 ዶላር የሚገዛ አንድ ትራንስፎርመር እናስብ። ነጋዴው ከብዙ ዕቃ ጋር በኮንቴይነር በመርከብ ሲያስጭነው የአንዱ ድርሻ 4 ዶላር ደረሰ እንበል፤ መነሻ ዋጋው 44 ይሆንና በዚያው ስሌት ታክሱን ከፍሎ በ72.36 ዶላር ያወጣዋል። አማተሩ ያንኑ ትራንስፎርመር ብቻውን በአውሮፕላን ሲያስመጣ፣ ብረትና መዳብ ከባድ ነውና፣ 60 ዶላር የጭነት ዋጋ ቢጠየቅ መነሻው 100፣ መጨረሻው 164.45 ዶላር ነው። ከከፈለው 64.45 ዶላር ታክስ ውስጥ 38.67 ያህሉ የተከፈለው ስለ ትራንስፎርመሩ ሳይሆን ስለ ጭነቱ ነው። እንግዲህ የአማተሩ ችግር የቀረጡ መጠን ብቻ ሳይሆን ቀረጡ የሚያርፍበት መሠረት ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከ120 ብር በላይ አልፏል። ከላይ የጠቀስሁት የ100 ዶላር ዕቃ ታክስ በ57 ብር ሲሰላ 3,673.65 ብር፣ በ120 ብር ሲሰላ 7,734 ብር ነው። የታሪፍ መጽሐፉ አንዲት ቁጥር ሳትለወጥበት የሚከፈለው ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደመወዙን በብር ለሚቀበል ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ነጥብ የዕቃ አመዳደብ ነው። አገራችንም በምትከተለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ማይክሮፎን፣ ስፒከር፣ የጆሮ ማዳመጫና አምፕሊፋየር በ85.18፣ ካፓሲተር በ85.32፣ ሬዚስተር በ85.33፣ ትራንዚስተር በ85.41 ይገኛሉ። አማተሩ እነዚህን በየግላቸው ካስመጣ እያንዳንዱ በራሱ መደብ ይታያል። ተሟልቶ በአንድ ሣጥን የታሸገ፣ ያልተገጣጠመ የአምፕሊፋየር ኪት ካስመጣ ግን፣ በሥርዓቱ ሁለተኛ አጠቃላይ ደንብ መሠረት፣ ያልተገጣጠመ ዕቃ እንደ ተገጣጠመ ይቆጠራልና፣ ሙሉ አምፕሊፋየር እንዳስመጣ ይመደባል። ደንቡ የተጻፈው ሙሉ ዕቃን ፈታትቶ ከቀረጥ ለማምለጥ የሚሻውን ለመከላከል ነው፤ በመንገዱ ግን ለመማር ብሎ ኪት የሚገዛውንም ያገኘዋል።

ይህ ችግር በእኛ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 የብሪታንያ ብሮድካስቲንግ ኩባንያ ሲቋቋም፣ አድማጭ 10 ሽልንግ ፈቃድ እንዲከፍልና የሚጠቀምበት መቀበያም በአገሩ የተሠራ፣ ማኅተም ያለበት እንዲሆን ተወሰነ። ዓላማው የአገሩን ፋብሪካ ከውጭ ዕቃ መጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ክፍሎችን እየገዛ መቀበያውን በቤቱ ይሠራ ነበርና ሕጉ ቦታ አልሰጠውም፤ እርሱም ያለ ፈቃድ ማዳመጡን ቀጠለ። በ1923 የሳይክስ ኮሚቴ ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ ለቤት ሠሪዎች የተለየ የ15 ሽልንግ ፈቃድ ወጣ፤ እንዲህም ሆኖ ጥበቃው እስከ 1924 መጨረሻ ብቻ ቆይቶ ቀረ። ከዚህ የምንማረው፣ ሕግ በእጁ የሚሠራውን ሰው ከገዢውና ከነጋዴው ካልለየው፣ ሰውዬው ከሕጉ ውጭ እንደሚቀር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 አሜሪካ በልዩ ልዩ የቻይና ዕቃዎች ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ስትጥል፣ በአሽቪል ከተማ ሲንተሳይዘር ይሠራ የነበረው ሞግ የተባለው ድርጅት፣ የሰርኪት ቦርዶችና የሌሎች ክፍሎች ዋጋ መናሩ ሠራተኛ እስከ መቀነስ፣ ሲከፋም ሥራውን ወደ ውጭ አገር እስከ ማዛወር ሊያደርሰው እንደሚችል ለደንበኞቹ አስታውቆ ነበር። የአገርን ሥራ ለመጠበቅ የታሰበ ቀረጥ ክፍሉ ላይ ሲያርፍ በአገር ውስጥ የሚሠራውን መምታቱን ከዚህ እንረዳለን።

መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋል፤ የውጭ ምንዛሪም ውስን ነው፤ ሙዚቃ ማዳመጫ ከመድኃኒት አይቀድምም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ በበኩሌ እቀበለዋለሁ። ያለቀለት የድግስ ስፒከር የሚያስመጣ ሰው ቀረጡን ይክፈል። የምጠይቀው ሬዚስተርና ካፓሲተር ከዚያ ጋር አንድ ፍርድ እንዳይፈረድባቸው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለትምህርትና ለግል ሥራ የሚገቡ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችና ኪቶች፣ በብዛትና በዋጋ ተወስነው፣ የራሳቸው ዝቅተኛ መደብ እንዲኖራቸው በጥናት የተደገፈ አቤቱታ ለሚመለከተው ክፍል እናቅርብ። አቤቱታው በስሜት ሳይሆን ዛሬ እንደ ቈጠርነው በቁጥር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ፈቃድ ባለው አስመጪ አማካይነት የአባላትን ትእዛዝ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በአንድ ጭነት እናሰባስብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ የጭነቱ ድርሻ ሲወርድ በጭነቱ ላይ የሚታሰበው ታክስም አብሮ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ እዚሁ ሊሠራ የሚችለውን ከውጭ አናምጣ። የስፒከር ሣጥን በአብዛኛው እንጨትና አየር ነው፤ ለአየር የመርከብ ኪራይና ቀረጥ መክፈል አይገባንም። አናጢዎቻችን ልኩ ከተሰጣቸው ይሠሩታል፤ የብረት ሣጥኑንም ብረት ሠሪዎቻችን ያጥፉታል፤ ትራንስፎርመር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎችም አሉን። ከውጭ የሚመጣው ትንሹና ቀላሉ ክፍል ብቻ ይሁን።

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣

ቀረጥ የሚወሰነው በእኛ አይደለም። ሒሳቡን አውቆ፣ የሚቻለውን ቀንሶ፣ የማይቻለውን በጨዋ ደንብ ማመልከት ግን የእኛ ፋንታ ነው። አንድ ወጣት ለአንዲት ትራንስፎርመር ከዋጋዋ አራት እጥፍ የሚከፍል ከሆነ፣ ሁለተኛውን አምፕሊፋየር አይሠራም። ሙያው የሚገኘው ደግሞ በመጀመሪያው ስሕተት ታርሞ በሚሠራው በሁለተኛው ነው።