ምሰሶውን ትተን ዕቃውን እናንሳ

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የመጣነው ስለ ቁጠባችን መጠን ሳይሆን ቁጠባችን ስለተመዘገበበት ኮምፒውተር ልንነግራችሁ ነው። የእያንዳንዳችን ቁጠባ፣ ብድርና ተመላሽ የተመዘገበው በፒችትሪ ነው። ሰሞኑን ግን ኮምፒውተሩ ሲ ድራይቭ ሊሞላ መሆኑን እያስጠነቀቀ ነው። ቦታ ሲጠብ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ዊንዶውስም ራሱን ማደስ ያቅተዋል።

አንዳንዶቻችሁ «ዲ እኮ ባዶ ነው፤ የፒችትሪን ፎልደር ወደዚያ አዛውሩት» ብላችሁናል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግን አያዋጣም። ፕሮግራም እንደ ጎጆ ምሰሶ የተተከለ ነገር ነው። ሲጫን አድራሻው በዊንዶውስ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ አንዳንድ ክፍሎቹም በሌሎች ፎልደሮች ውስጥ ይቀመጣሉ። ፎልደሩን ብቻ ብናነሳው ዴስክቶፕ ላይ ያለው ምልክት በአሮጌው አድራሻ ፈልጎ ያጣዋል። ብድር በምንሰጥበት ቀን ፕሮግራሙ አልከፈት ቢል ወረፋ ይዛ የምትጠብቀውን እህት ምን እንላታለን? ፎቶ፣ ቪዲዮና ደብዳቤ ግን እንደ እንስራ ናቸው፤ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ቢዛወሩ አይሰበሩም።

ስለዚህ በሚከተለው ቅደም ተከተል ልንሠራ አስበናል።

አንደኛ፣ ምንም ነገር ከመንካታችን በፊት በፒችትሪው «ፋይል» ሥር ካለው «ባክአፕ» የሒሳቡን ቅጂ ወደ ፍላሽ እናወጣለን። ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ፒችትሪ ባለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ የአባላት ሒሳብ በትክክል መታየቱን እናረጋግጣለን።

ሁለተኛ፣ ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ እናያለን። የሒሳብ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ሰፊ ቦታ የሚይዙት የሥልጠና ቪዲዮዎች፣ ፎቶዎችና ከኢንተርኔት ወርደው የተረሱ ፋይሎች ናቸው። የሚፈለጉትን ወደ ዲ እናዛውራለን፣ የማይፈለጉትን እናጠፋለን፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ እናደርጋለን።

ሦስተኛ፣ ይህም ካልበቃና ፕሮግራሙ ራሱ መዛወር ካለበት፣ የመጫኛ ዲስኩና የመለያ ቁጥሩ በእጃችን መኖሩን አረጋግጠን በሥርዓቱ እናራግፈውና ዲ ላይ እንደገና እንጭነዋለን። ዊንዶውስና ፕሮግራም ፋይልስ በተባሉት ፎልደሮች ውስጥ ገብቶ በእጅ መሰረዝ ግን ክልክል ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እንላለን። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሲና ዲ አንድ ሃርድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ አንድ ቤት በግርግዳ ለሁለት እንደሚከፈል ማለት ነው። ቤቱ ከተቃጠለ ሁለቱም ክፍል አይተርፍም። ስለዚህ ዲ ላይ የተቀመጠ ቅጂ መጠባበቂያ አይባልም። እውነተኛው መጠባበቂያ ከማሽኑ ውጭ፣ ከተቻለም ከቢሮው ውጭ የሚቀመጥ ነው።

ደጋፊዎቻችን፣ ኮምፒውተር ስትለግሱን አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ብታክሉበት ውለታችሁ እጥፍ ይሆናል። እናንተም እህቶቻችን፣ የቁጠባ ደብተራችሁን አትጣሉ፤ በየወሩ ከእኛ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ፕሮግራም ቢጠፋ እንደገና ይጫናል፤ የእናቶች የሳንቲም መዝገብ ከጠፋ ግን ከየትም አይገዛም።